ዳዶው የታለ?

እኔ መኪና ስር በጀርባዬ ተንጋልዬ ጭቃ እየፋቅኩ ነው፤ ወሲላ ተረፋ፣ አጎቴና የጋራዡ ባለቤት፣ ደግሞ ከአናቴ በላይ ቆመው እኔን ለጉቴ እየሰጡኝ ነው። የሚታየኝ ጫማቸው ብቻ ነው፤ የግራው ተረከዝ ወደ ውጭ የተበላ ቡኒ ጫማ። ስልካቸውን እንደ ልማዳቸው በድምፅ ማጉያ ከፍተውታል፤ ጆሯቸው ላይ ቢያደርጉት የሚነክሳቸው ይመስል ሁልጊዜ እንደ ሳህን ፊት ለፊታቸው ይዘው ነው የሚያወሩት። በዚያኛው በኩል አዳዳ ሊሊሴ ናት፤ የሳቸውም የአባቴም ታናሽ እህት፣ ጉቴ ላይ ሱቅ ያላትና ባለፈው ወር መንታ የወለደችው። "ሰኞ በመጀመሪያው ሚኒባስ አሳፍራታለሁ" አሉ ወሲላ። "እሺ ትላለች ግን?" አለች አዳዳ። "ምን ትላለች! ሮቤራ መጥቶልኛል፣ ዲፕሎማ ያለው ልጅ ነው። ሴት ልጅ ጋራዥ ውስጥ እስከ መቼ? ደግሞስ ዕቃ ከማቀበል ሌላ ምን ትሠራለች ብለሽ ነው?"

ዕቃ ማቀበል! እሳቸው ይህን ሲሉ በአንድ እጄ የሽቦ ብሩሽ፣ በሌላው ካቻቪቴ ይዣለሁ፤ አፌ ውስጥ ቀይ አፈር አለ፤ ቀኝ ጆሮዬ ውስጥ የተቃጠለ ዘይት እየገባ ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ እዚህ ጋራዥ ውስጥ አልወጣም ያለ ብሎን ሁሉ የወጣው በእኔ እጅ ነው። የነቀምቴን መኪና ሆድ አይቶ የማያውቅ ሰው ብሎን መፍታት ማለት ቁልፍ ሰክቶ ማዞር ይመስለዋል። እዚህ ዝናቡ ግማሽ ዓመት ሊሞላ ምንም አይቀረው፤ ቀይ ጭቃው ሻንሲው ላይ ተለጥፎ እንደ ሸክላ ይደርቃል፤ ሹፌሮቹ ደግሞ ዝገት ይከለክላል ብለው የተቃጠለ ዘይት ይቀቡታል፤ በዘይቱ ላይ አቧራ፣ በአቧራው ላይ ሌላ ጭቃ። እንዲህ ያለውን ብሎን በጉልበት የሚነካው ይሰብረዋል። መጀመሪያ ጥርሱ እስኪታይ በብሩሽ መፋቅ፣ ናፍጣና የካምቢዮ ዘይት ቀላቅሎ ማጠጣት፣ ማሳደር፣ በነጋታው ራሱን በመዶሻ ኮርኮም ኮርኮም ማድረግ፣ ከዚያ ከመፍታት በፊት ትንሽ፣ የፀጉር ያህል፣ ማጥበቅ። ብሎን እንደ አኩራፊ ሽማግሌ ነው፤ ወደሚፈልግበት ትንሽ ካልሄዱለት ወደሚፈልጉበት አይመጣም። ይህን ማንም አላስተማረኝም። ስድስተኛ ክፍል ላይ ስላቆምኩ ነው መሰለኝ፣ የሚያስተምረኝ ሰው ስላልነበረ ብሎኖቹ ራሳቸው አስተማሩኝ።

ከላዬ ያለችው የኦቦ ፈየራ ፒክአፕ ናት። ዕድሜዋ ከእኔ በእጥፍ ይበልጣል። ኦቦ ፈየራ ከኡኬ በቆሎ ያመላልሱባታል፤ አሁን የግራ የኋላ ባሌስትራዋ፣ ጭነቱን የሚሸከመው ድርብርብ ብረት፣ የላስቲክ ቡሹ ስላለቀ አስፋልት ላይ ስትሄድ ጠጅ ቤት እንደዋለ ሰው ወደ ጎን ትላለች። ቡሹን ለመቀየር ባሌስትራውን ከሻንሲው ጆሮ ጋር የያዘውን አንድ ረጅም ብሎን ማውጣት ነው፤ ሌላ ነገር የለውም። የብሎኑ ራስ በውጭ በኩል ነው። ጫፉን የሚይዘው ዳዶ ግን በውስጥ በኩል፣ ሻንሲውና የነዳጅ ታንከሩ መሃል፣ የእኔ ዓይነት ቀጭን እጅ ብቻ በሚያልፍበት ቀዳዳ ውስጥ ነው። ኦቦ ፈየራና ወሲላ በአንድ ቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች ናቸው፤ ነገ እሁድ ደግሞ ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። ከአሥራ ሁለት ሰዓት በኋላ በኡኬ መንገድ የሚነዳ የለም፣ ስለዚህ መኪናዋ እስከ አሥራ አንድ መነሳት አለባት። እዚያው ተኝቼ አሰብኩ፤ ዛሬ ይህን ብሎን እኔ፣ ኦቦ ፈየራ እያዩኝ፣ ካወጣሁት ወሲላ ሰኞ ማንን ነው ወደ ጉቴ የሚልኩት? ዳይፐር መቀየር መጥፎ ነገር ነው አላልኩም። ግን መንታ ነው። በዚያ ላይ አዳዳ ሊሊሴ ሱቅ ውስጥ ስኳር ስትመዝን እንኳ ታዛለች፣ ታዛለች፣ አትጨርስም።

ስልኩ ሲዘጋ ተንፏቅቄ ወጣሁ። ወሲላ ሲያዩኝ ትንሽ እንኳ አልደነገጡም።

"አለሽ እንዴ?"

"አለሁ። ዕቃ እያቀበልኩ ነው።"

"በይ ሮቤራን ጥሪው" አሉና ወደ ኦቦ ፈየራ ሄዱ።

ሮቤራ የእትዬ ሙሉወርቅ፣ የወሲላ ሚስት፣ የእህት ልጅ ነው። ሃያ አራት ዓመቱ ነው፤ ቱታው ተተኩሷል፤ እጁ ላይ ትልቅ ሰዓት አለ። ክፉ ሰው አይደለም፣ እሱን ልናገር። ክፉ ቢሆን ይሻለኝ ነበር። "ኢቢሴ፣ አካም ቡልቴ?" ብሎ እንዴት እንዳደርኩ ጠየቀኝና ቁልፉ ላይ አንድ ሜትር ቱቦ ሰካበት።

"መጀመሪያ ትንሽ አጥብቀው" አልኩት።

"ልንፈታው እኮ ነው!"

"አውቃለሁ። አጥብቀህ ፍታው።"

"ኮሌጅ ውስጥ እንዲህ የሚባል ነገር የለም።"

"ኮሌጅ ውስጥ ጭቃ አለ?"

ሳቀና በሙሉ ክብደቱ ቱቦው ላይ ተንጠለጠለ። ቋ! የሚል ድምፅ ተሰማ። የተሰበረ መስሎን ነበር፤ አልተሰበረም፣ ከዚያ የባሰ ነው የሆነው። የብሎኑ ራስ ማዕዘኖቹ ሁሉ ተላጭተው ክብ ሆነ፤ ከዚህ በኋላ የትኛውም ቁልፍ አይዘውም። ወሲላ መጡ፣ ጎንበስ ብለው አዩት፣ ቀና ሲሉ የተመለከቱት እኔን ነው። "ትናንት ዘይት አጠጪው ብዬሽ አልነበረም?" "አጠጥቻለሁ።" "ብታጠጪው እንዲህ ይሆን ነበር?" ሮቤራ የጥፍሩን ውስጥ በካቻቪቴ ጫፍ እያጸዳ ነው። ኦቦ ፈየራ አሮጌ ጎማ ላይ ተቀምጠው ዣንጥላቸውን በጉልበታቸው መሃል ይዘዋል። "አይዞሽ ኢንታላ ኮ፣ የኔ ልጅ" አሉኝና ወደ ወሲላ ዞረው፣ "ግን ኦቦ ተረፋ፣ ይኼን ብሎን እኮ የዛሬ ሦስት ዓመት አንተው ነህ አዲስ፣ ከነዳዶው፣ የቀየርክልኝ። በሦስት ዓመት እንዴት እንዲህ ይዝጋል?" አሉ። ወሲላ እጃቸውን በጨርቅ ጠረጉ። "ርካሽ ብረት ነዋ፣ የዛሬ ዕቃ" አሉ፤ እና መብራት ከትናንት ጀምሮ እንደሌለ፣ ግራይንደር እንደማይሠራ፣ የኦክስጅኑ ጋዝ ካለቀ ሦስት ሳምንት እንደሆነው እያወሩ ወሬውን ከብሎኑ ላይ አንስተው ወደ መብራት ኃይል ወሰዱት። መብራት የሌለ ቀን በነቀምቴ ወሬ ለመለወጥ ቀላል ነው።

ተመልሼ ገባሁ። ተናድጄ ነበር፣ ግን ያናደደኝ ስድቡ ብቻ አይደለም፤ ዘይቱም ነው። ማታ በገዛ እጄ ያጠጣሁት ዘይት ዳዶው ዘንድ አልደረሰም፤ ዝይ ጀርባ ላይ እንደፈሰሰ ውሃ ተንሸራቶ ወርዷል። እጄን በቀዳዳው አስገብቼ ዳሰስኩት። ጭቃ አይደለም። የሹፌሮቹ የተቃጠለ ዘይትም አይደለም። ሬንጅ ነው፣ ጣራ ሲያፈስ የሚደፈነው ዓይነት፣ ወፍራም ተደርጎ የተቀባ። ባሌስትራ ላይ ማን ሬንጅ ይቀባል? በካቻቪቴ ጫፍ እየቆረስኩ፣ አይኔን እየጨፈንኩ፣ እየተፋሁ፣ አንድ ሰዓት ሙሉ ፋቅኩት። ሬንጁ ሲያልቅ ጣቴ አንድ ለስላሳ እብጠት ነካ። ዝገት ሻካራ ነው፣ ሲነኩት ይፈረፈራል፤ ይኼ እንደ ዶቃ ነው። ከባጃጅ የወደቀ የስፖኪዮ መስታወት ስባሪ አለችኝ፤ እሷን አስገብቼ በስልኬ መብራት አየሁት። ሁለት ነጥብ ብየዳ። አንዱ ዳዶውን ከብሎኑ ጫፍ ጋር አጣብቆታል፣ ሌላው ዳዶውን ከሻንሲው ጆሮ ጋር። እንኳን ሮቤራ፣ ዝሆን ቱቦው ላይ ቢንጠለጠል አይዞርም። ሁለቱም ነጥቦች ደግሞ ጭራ አላቸው። ወሲላ ሲበይዱ ኤሌክትሮዱን የሚያነሱበት እጃቸው ስለሚንቀጠቀጥ ነጥባቸው ሁሉ እንደ እንቁራሪት ልጅ ጭራ ያወጣል። የጋራዡ በር ላይ ያው ጭራ ነው፤ የቤተ ክርስቲያናችን የመዘምራን ወንበር ላይ ያው ነው፤ እኔ የምተኛበት የብረት አልጋ ላይ ያው ነው። አዲስ ብሎን ከነዳዶው ያሉት አሮጌው ነው። እንዳይላላ በይደውት፣ እንዳይታይ ሬንጅ ቀብተውት።

ለምሳ ቤት ሄድን። ቤታችን ከጋራዡ ሩብ ሰዓት ያስኬዳል፤ ሁለት ክፍል ነው፣ አንዱ ውስጥ አልጋ፣ ቁም ሳጥንና ማቀዝቀዣ፣ ሌላው ውስጥ ሶፋ፣ ቴሌቪዥን፣ የብረት አልጋዬና እኔ። በሩ ላይ አንድ የማዳበሪያ ጆንያ በገመድ ታስሮ ቆሟል፤ አንገቱ ላይ የኔ ሹራብ እጅጌ ወጥቶ ይታያል። እትዬ ሙሉወርቅ አላዩኝም ብለው በእግራቸው ከሶፋው ኋላ ገፉት። ወላጆቻቸው ከወሎ በሰፈራ የመጡ ናቸው፤ ሆዳቸው ሩኅሩኅ ነው፣ ግን አንዴ ያሰሩትን አይፈቱም። "ቲማቲም ኪሎው ሰባ ገባ" አሉ፤ "ዛሬ ያለ ቲማቲም ነው።" ወሲላ ጸለዩ። የወሲላ የምግብ ጸሎት ረጅም ነው፤ የታመመ፣ የታሰረ፣ መንገደኛ፣ መንግሥት፣ ሁሉም ይገባበታል።  ሮቤራ በላ፣ እትዬ ሙሉወርቅ በሉ፣ ወሲላ በሉ፤ የቴሌቪዥኑ ጥቁር መስታወት ውስጥ አራታችንም አጎንብሰን እንታያለን። እኔ ጉርሻዬን ሳህኑ ላይ መልሼ አስቀመጥኩት።

"ወሲላ፣ ያ ዳዶ…" አልኩ።

"በይ።"

"አልዛገም። ተበይዷል።"

መንጋጋቸው ቆመ። ጉርሻው አፋቸው ውስጥ እንዳለ አንድ ጊዜ ብቻ ቀና ብለው አዩኝና ወደ ሳህኑ ተመለሱ። "ምኑ?" አሉ እትዬ ሙሉወርቅ። "ሽሮው" አሉ ወሲላ፤ "ጨው አንሶታል።" እትዬ ሙሉወርቅ ጨው ሊያመጡ ተነሱ፤ እያጉረመረሙ። ሮቤራ፣ "ለኔ በቂ ነው" አለ።  በቃ፣ እኔና ወሲላ ሁለታችንም አወቅን፤ እሳቸው ማወቄን አወቁ፣ እኔም ማወቃቸውን።

ስንመለስ ሮቤራን ወደ ሱቅ ላኩትና ሰው እንደሌለ ግራና ቀኝ አይተው፣ "በሰጌቶ ምላጭ ቁረጪው" አሉኝ በዝግታ። "ዳዶውንና ጆሮውን መሃል። የኔ እጅ አይገባም።"

"ካወጣሁት ጉቴ አልሄድም?"

"መጀመሪያ አውጪው።"

"ወሲላ፣ እሺ ይበሉኝ።"

"ኢቢሴ፣ ማሎ፣ እባክሽ! መጀመሪያ አውጪው አልኩ እኮ። ለማንም አታውሪ።"

"ለሮቤራስ?"

"ለማንም!"

የሰጌቶው፣ የብረት መጋዙ፣ እጀታ በዚያ ቀዳዳ ስለማይገባ ባዶ ምላጩን ነው የምይዘው፤ አንዱን ጫፍ በጨርቅ ጠቅልዬ። አንዱ ምላጭ ሰባ ብር ነው፤ እንደ ስሙ ቢቆርጥ ደግ ነበር። አንድ ጊዜ ስገፋ የሚሄደው የጣት ስፋት ነው፤ ወደፊት ጣት፣ ወደ ኋላ ጣት። ከታች ጭቃው በሸሚዜ ይገባል፣ ከላይ የብረት ብናኝ አይኔ ውስጥ ይወርዳል፣ ክንዴ ታንከሩ ጠርዝ ላይ ተጋድሞ ቆዳው ይላጣል። የመጀመሪያው ምላጭ በሩብ ሰዓት ተሰበረ። ሁለተኛው ብየዳው ላይ ሲደርስ ጥርሱ ረገፈ። ብየዳ ከብሎን ይጠነክራል፤ ወሲላን ያን ጊዜ ጭራ ከማውጣት ይልቅ ትንሽ ቢሰስቱ ምን ነበር ብዬ ረገምኳቸው፣ በልቤ። ከላይ ሕይወት ይቀጥላል። የሚያልፍ ሰው ሁሉ እግሬን እያየ "ጀባዱ!" ይለኛል፤ በርቺ ማለት ነው፣ ግን እግሬን ብቻ እያዩ በርቺ ሲሉኝ ደስ አይለኝም። ኦቦ ፈየራ ለአንዱ ስለ በቆሎ ዋጋ ያወራሉ፤ ኩንታሉ ነቀምቴ ስንት፣ ኡኬ ስንት። "ይህቺ ልጅ ግን ምን እየሠራች ነው?" አለ ሰውየው። "እኔ እንጃ፣ ከምሳ ጀምሮ አልወጣችም። ተኝታ ይሆን?" አሉ ኦቦ ፈየራ፤ ተሳሳቁ።

ሮቤራ አንገቱን ዝቅ አድርጎ፣ "ላግዝሽ?" አለኝ።

"እጅህን ማስገባት ከቻልክ።"

አስገባ። ገባለት፣ እስከ ሰዓቱ ድረስ። ከዚያ ወደፊትም ወደ ኋላም አልሄድ አለ፤ ፊቱ ቀላ፤ "ኢቢሴ፣ ማሎ፣ ለሰው እንዳትናገሪ" እያለ ለመነኝ። የእጅ አንጓውን ግራሶ ቀብቼ፣ የሰዓቱን ማሰሪያ በካቻቪቴ ፈትቼ አወጣሁት። ያን ቀን ከሱ በፊትም ከሱ በኋላም ማንም ያለ ምስጢር አልቀረበኝም።

ዘጠኝ ተኩል ላይ አራተኛው ምላጭ ድንገት ባዶ ቦታ ላይ ሄደ። ዳዶው የተቆረጠውን የብሎን ጫፍ እንደታቀፈ መዳፌ ላይ ወደቀ፤ ይፋጃል። ከሁለት ነጥብ አንዷ ሙሉ፣ ከነጭራዋ፣ ከላዩ ላይ አለች። ኪሴ ውስጥ ከተትኩት። ለተንኮል አይደለም፤ ጭቃ ውስጥ የወደቀ ነገር እንደማይገኝ ስለማውቅ ሁልጊዜ የማደርገው ነው። "ተቆረጠ! ምታው!" ብዬ ጮህኩ። ሮቤራ በውስጥ በኩል ከላይ ረጅም ብረት ደገፈበትና በትልቁ መዶሻ አንዴ መታ፣ ሁለቴ መታ፣ በሦስተኛው ብሎኑ እንደ ጥይት ወጥቶ ኦቦ ፈየራ እግር ስር ተንከባለለ። ኦቦ ፈየራ ዣንጥላቸውን ጥለው አጨበጨቡ። "ወንድ! ዲፕሎማ ማለት ይኼ ነው! ሦስት ምት!" እኔ ገና ከስር ነኝ። ጭብጨባ ከመኪና ስር ሲሰማ ለሌላ ሰው እንደሆነ ያስታውቃል።

አዲሱ ቡሽ ገባ፣ አዲሱ ብሎን ገባ፣ ዳዶውን እኔ በእጄ፣ ከዚያ በቁልፍ አጠበቅኩት፤ ክሪኩ ወረደ። በወሲላ ጋራዥ አንድ ሕግ አለ፣ ሁሉም ደንበኛ የሚወድላቸው እሱን ነው፤ ከመኪና የወጣ አሮጌ ዕቃ አንድም ሳይቀር በፌስታል ተደርጎ ለባለቤቱ ይመለሳል፣ ተቀየረልኝ ወይስ ተታለልኩ ብሎ እንዳያድር። በነቀምቴ ጋራዥ ሁሉ እንዲህ አይደለም፤ የዛሬ ሦስት ዓመት ለኦቦ ፈየራ በፌስታል የማንን አሮጌ ብሎን እንደሰጧቸው ግን እንጃ። ወሲላ ፌስታሉን በሁለት እጃቸው፣ እንደ ቁርባን፣ አቀረቡ። ኦቦ ፈየራ ከፍተው አዩ፤ ያለቀውን ቡሽ በጣታቸው አገላበጡ፣ ብሎኑን አወጡ፣ ወደ ብርሃን አነሱት፣ ጫፉን አዩ።

"ዳዶው የታለ?" አሉ።

ወሲላ እኔን አዩኝ። ቀኑን ሙሉ እንዲህ አላዩኝም። አይናቸው ውስጥ ነገ እሁድ አለ፣ ጎን ለጎን ያለው ወንበር አለ፣ ሕጋቸው አለ። ዳዶው ጭኔ ላይ ይከብደኛል። 

"ጭቃ ውስጥ ወድቆ ጠፋብኝ፣ ኦቦ ፈየራ" አልኩ።

"እህ፣ ዲሲ፣ ተዪው። ዳዶ ምን ያደርግልኛል" ብለው ሳቁ፤ ወሲላ ደግሞ ያስቀመጡትን አየር ሁሉ አንድ ላይ ተነፈሱ። ያን ጊዜ ቢያበቃ ኖሮ ይህን ሁሉ አልጽፍም ነበር። ግን ኦቦ ፈየራ በሩን ከፍተው ከገቡ በኋላ በመስኮት ብቅ ብለው፣ "ለመሆኑ ይህቺ ልጅ ግማሽ ቀን እዚያ ስር ምን ትሠራ ነበር?" አሉ። ወሲላ ወደ እኔ እንኳ ሳይዞሩ፣ "መብራት ታበራለት ነበር" አሉ። "ያወጣው ሮቤራ ነው።" ኦቦ ፈየራ ለሮቤራ ሁለት መቶ ብር ሰጡት፤ ለእኔ ከዳሽቦርዱ ላይ አንድ ማስቲካ አንስተው "ለአንቺም ለመብራቱ" አሉኝ። ሮቤራ አፉን ከፍቶ ነበር፣ ምስክር ሊሆነኝ ይመስለኛል። ከዚያ የሰዓቱ ማሰሪያ የተፈታበትን እጁን አየና ዘጋው።

ጋራዡን ስንዘጋ አሥራ አንድ ሰዓት ሆኗል። ሮቤራ ፀጉሩን ሊቆረጥ ሄደ፤ እኔና ወሲላ አስፋልቱን ዳር ዳር ይዘን ወደ ቤት። ዝናቡ ካፊያ ብቻ ነው፤ የመንገዱ ቦይ ግን ሞልቶ ቀይ ውሃ ይጎትታል።  እሳቸው ከፊት፣ እኔ ከኋላ፤ ጫማቸው ያለቀበት በኩል ጭቃ ይረጫል። ድንገት ሳይዞሩ፣ "ሰኞ ጉቴ አትሄጂም" አሉ።

ጠዋት ብሰማው እዘል ነበር። "ለምን?" አልኩ።

"አዳዳሽ ሌላ ሰው አግኝታለች።"

ከምሳ ወዲህ ስልካቸው አልጮኸም፣ እሳቸውም አልደወሉም፤ በድምፅ ማጉያ የሚያወራ ሰው መዋሸት አይችልም። ያስቀሩኝ ዳዶው ኪሴ ውስጥ ስላለ ነው። ነገ ከነገ ወዲያ ሌላ ብሎን ባላወጣም፣ ቀኑን ሙሉ ጎማ ላይ ተቀምጬ ማስቲካ ባኝክም ያስቀሩኛል። ለሳቸው የላላ ሥራቸውን የያዝኩ ነኝ እንጂ እጅ ያለኝ ሰው አይደለሁም። ደሜ ፈላ። ዳዶውን አወጣሁ፣ እንዲያዩት በሁለት ጣቴ ከፍ አደረግኩትና ቦዩ ውስጥ ወረወርኩት። ጡብ፣ አለ። ቦዩ በሲሚንቶ ክዳን ወደሚሸፈንበት በኩል ሄደ።

"አሁንስ ወሲላ? አሁንም አልሄድም?"

እኔን አላዩኝም፤ የሚያዩት ውሃውን ነው።  እሳቸው ግን ጃኬታቸውን አውልቀው አጥር ላይ ሰቀሉ፣ ሱሪያቸውን እስከ ጉልበት ጠቀለሉ፣ ቦዩ ውስጥ ወረዱ። አምሳ ስምንት ዓመታቸው ነው። ክዳኑ ስር እጃቸውን ሰደው ዳበሱ፤ ሸሚዛቸው እስከ ብብት ራሰ። ከመዘምራኑ አንዷ፣ አዴ አሜን፣ በዣንጥላ ስታልፍ ቆመች። "አካም ጅርተኒ ኦቦ ተረፋ! ምን ጠፋ?" "ምንም፣ ምንም አልጠፋም!" አሉ፤ ቦይ ውስጥ ተንበርክከው። አዴ አሜን እኔን አየች፣ እኔ ትከሻዬን ነቀነቅኩ፣ ሄደች።

"ኢቢሴ" አሉ ቀስ ብለው፤ "አገኘሁት፣ በጣቴ ነክቼዋለሁ፤ ክዳኑ ስር ስንጥቅ ውስጥ ገብቷል። የኔ እጅ አልገባ አለ። ነይ አውጪው።"

"ለኦቦ ፈየራ ማን አወጣው ነበር ያሉት?"

ውሃው በጉልበታቸው ዙሪያ ይዞራል፤ አንድ የውሃ ፕላስቲክ መጥቶ ጭናቸው ላይ ቆመ።

"ማን ነበር ያሉት ወሲላ?"

"ሮቤራ" አሉ፣ በአፍንጫቸው ይሁን በአፋቸው ሳይታወቅ።

"እንግዲያው ሮቤራ ያውጣው።"

መንገዴን ቀጠልኩ። እንዲህ ተናግሬያቸው አላውቅም፤ ቤት ስደርስ ጆንያውን ተሸክሜ ዛሬውኑ ሂጂ ቢሉኝ የት እንደማድር እያሰብኩ ነው። ፀጉር ቤቱን አለፍኩ፣ ባጃጆቹ የሚቆሙበት ደረስኩ። ከኋላዬ ጩኸት መጣ፤ ወሲላ መንገድ ላይ አይጮኹም፣ ሽማግሌ ናቸው።

"ኢቢሴ! ሰኞ በአንድ ሰዓት ግቢ! የአይሱዙው ማርሚታ አለ፣ ብሎኑ ሁሉ ተጣብቋል! ካንቺ በቀር የሚያወጣው የለም!"

የባጃጅ ሹፌሮቹ፣ አዴ አሜን፣ የበቆሎ ጥብስ የምትሸጠው ሴትዮ፣ ሁሉም ዞረው መጀመሪያ ቦዩን ከዚያ እኔን አዩ። ለእጄ ብለው ይሁን ለዳዶው፣ መለየት አልቻልኩም። ያልሰማሁ መስዬ እርምጃዬን ዘገም አደረግኩ።

ደገሙት።